ማጉያውና የዕድሩ ደብተር

«በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» ይባላል። ይህን አነጋገር ብዙዎቻችን ፊደል ከመቁጠራችን በፊትም እንሰማው ነበር። ዛሬ ማንበብና መጻፍ ስለቻልን ነገሩን በሥራ ልናውለው እንችላለን።

ገበሬ ገበያ ወጥቶ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ጥቂት ያስኬደዋል፤ ጫንቃውንም ይዳስሳል። ጤፍ ሲገዛ ዘግኖ ያያል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲገዛስ? የዕቃው ሆድ የተዘጋ ነው። ቢከፈትም ውስጡን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። ታዲያ ዕቃው ደጋግሞ ሲበላሽብን፣ ሻጩም «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ሲለን ምን እናደርጋለን? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

የሚከተለው ታሪክ ለትምህርት እንዲሆን የተዘጋጀ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የሰውም የሱቅም ስም አልተጠቀሰበትም።

1. ዕድሩ ማጉያ ገዛ

በሰሜን ሸዋ በአንድ የገጠር ቀበሌ 120 አባላት ያሉት ዕድር አለ። ቤቶቹ በተራራው ጥግ ጥግ ተበታትነው የተሠሩ ናቸው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ከጉብታ ጉብታ እየዞሩ ይለፍፉ ነበር። አሁን ግን ሰውዬው አርጅተዋል። ስብሰባም ሲደረግ ከፊት የተቀመጠው ይሰማል፤ ከኋላ ያለው «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለ ይጠያየቃል።

መብራት ወደ ቀበሌው ከገባ በኋላ አባላቱ ተመካከሩ። «የድምፅ ማጉያ እንግዛ። ለለቅሶና ለስብሰባ ይሆነናል። ለሠርግ ስናከራየውም ለዕድሩ ገቢ ያመጣል» ተባባሉ። እያንዳንዱ አባል 200 ብር አዋጣ። 120 ጊዜ 200 ሲባዛ 24,000 ብር ይሆናል። ከአባላቱ መካከል አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ድርሻቸውን የከፈሉት የሚጥሉ ዶሮዎቻቸውን ሸጠው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

የዕድሩ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊዋ ለግዢው ተመረጡ። ጸሐፊዋ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የቆጠረች የአራት ልጆች እናት ናት። ሦስቱም ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ ከተማ ወጡ። አንድ ማጉያ፣ ሁለት ስፒከርና አንድ ማይክራፎን ገዙ። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ በጅምላው «ሞንታርቦ» ይለዋል።

ነጋዴው ዕቃውን ሰክቶ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ አሰማቸው። ከዚያም «አንድ ዓመት ሙሉ ቢበላሽ እኔ አለሁ፤ አታስቡ» አላቸው። ዳኛው ደስ ብሏቸው ሊሄዱ ተነሡ።

ጸሐፊዋ ግን ቆመች። «ጌታዬ፣ ቃልዎን አምነናል። ግን እኛ የላኩን 120 ሰዎች ናቸው። አሁን የተናገሩትን በወረቀት ላይ ያስፍሩልን» አለችው።

ነጋዴው ሳቀና የዋስትና ወረቀት አወጣ። የዕቃውን ዓይነትና ቁጥር፣ የተሸጠበትን ቀን፣ «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚለውንም ጽፎ ፈረመበት፤ ማኅተምም አደረገበት። ደረሰኝም ቆረጠ። ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልላ ከደብተሯ ውስጥ አስገባች።

2. ማጉያ እንዴት ይሠራል?

ወደ ብልሽቱ ከመሄዳችን በፊት ዕቃውን እንወቀው። ሥራውን የማናውቀውን ዕቃ ጥፋቱንም ልናውቅ አንችልም።

ሰው በማይክራፎን ሲናገር ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ይህ ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው። ስፒከርን ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም። ማጉያው ከግድግዳው ሶኬት ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ከዚያም ትንሹ እንዳዘዘው ብዙውን ወደ ስፒከሮቹ ይለቃል።

የመስኖ ቦይን አስቡ። የቦዩን መዝጊያ አንድ ልጅ በእጁ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የልጁ ጉልበት ትንሽ ነው። በመዝጊያው በኩል የሚያልፈው ውሃ ግን ማሳ ሙሉ ያጠጣል። ማይክራፎኑ እንደ ልጁ እጅ ነው። ከሶኬቱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ውሃው ነው። በማጉያው ውስጥ ያለው ትራንዚስተር የሚባለው ክፍል ደግሞ እንደ መዝጊያው ነው።

ትራንዚስተር ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ ካልወጣለት ይቃጠላል። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ ብረት ጋር በብሎን ጥብቅ ተደርጎ ይታሠራል። በማጉያው ሳጥን ላይ የምናያቸው ቀዳዳዎችም ሙቀት መውጫ ናቸው። አቧራ እንዳይገባ ብለን ጨርቅ ብናለብሰው፣ ማጉያው በሚሠራበት ጊዜ ጨርቁ መነሣት አለበት።

በማጉያው ጀርባ ላይ ጽሑፍ አለ። በዕድሩ ማጉያ ላይ የተጻፈው ይህ ነበር።

220 ቮልት። ይህ ዕቃው የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ግፊት መጠን ነው። በአገራችን ለቤት የሚሰጠው መብራት 220 ቮልት ነው። ከዚህ በጣም ከፍ ቢል ዕቃውን ይጎዳል።

ከ4 ኦም በታች አይቀጠል። ኦም ለኤሌክትሪክ መንገዱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚለካበት ነው። የኦሙ ቁጥር ሲያንስ መንገዱ ይሰፋል፤ የሚያልፈውም ኤሌክትሪክ ይበዛል። ዕድሩ የገዛቸው ስፒከሮች እያንዳንዳቸው 8 ኦም ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። ይህ ለማጉያው ልኩ ነው። ሦስተኛ ቢጨመር ግን ወደ 3 ኦም ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ይሠራል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። በአንድ ቦይ ላይ ብዙ ቀዳዳ እንደ መክፈት ነው።

ፊውዝ። ይህ ቀጭን ሽቦ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ነው። ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድሞ ይበጠስና ሌላውን ዕቃ ያድናል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተበጠሰ ሌላ በሽታ አለ ማለት ነው። በፊውዝ ፋንታ ተራ ሽቦ ማሠር ግን አደገኛ ነው። ዕቃውን ያቃጥላል፤ ቤትም ያነዳል።

3. ብልሽቱ ተደጋገመ

ማጉያው መጀመሪያ ደህና ሠራ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከጸሐፊዋ ደብተር እናንብብ።

«ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ የዕድሩ ስብሰባ ነበር። ሁለት ስፒከር ተቀጥሏል። አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ፊውዙ ተበጥሷል። ዳኛው እስከ ገበያ ቀን ይቆይ አሉ።»

«ጥቅምት 24 ቀን፦ ለነጋዴው ወሰድነው። ፊውዝ ነው ብሎ ቀየረልን። ገንዘብ አልጠየቀም።»

«ኅዳር 30 ቀን፦ ለቅሶ ነበር። ሁለት ስፒከር ተቀጥሏል። ጨርቁ ተነሥቷል። የሟች የሕይወት ታሪክ ሊነበብ ሲል ድምፁ ጠፋ። የመቃጠል ሽታ ሸተተ። በማግሥቱ ወሰድነው። ነጋዴው ትራንዚስተር ተቃጥሏል ብሎ አሠራው። የዋስትናውን ወረቀት ብናሳየውም 700 ብር አስከፈለን። ደረሰኝ ይዘናል።»

«ጥር 14 ቀን፦ ለሠርግ ተከራየ። ሰው ስለበዛ ከጎረቤት ዕድር አንድ ስፒከር ተውሰን ሦስት አደረግን። ማታ ላይ ጋለና ጠፋ። በጥር 16 ቀን ወሰድነው። 900 ብር ከፈልን።»

«የካቲት 20 ቀን፦ ስብሰባ ነበር። ሁለት ስፒከር ብቻ ተቀጥሏል። ጨርቅ የለበትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደ ፊተኛው ጠፋ። ያው ሽታ ሸተተ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ልብ ብለህ ተመልከተው። ረጅም አይደለም። ስድብም ሐሜትም የለበትም። ቀኑ፣ የተቀጠለው ነገር፣ የሆነው ነገርና የተከፈለው ገንዘብ ብቻ ነው የተጻፈው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ ይህን ሊጽፍ ይችላል።

4. ጥፋቱ የማን ነው?

ከአራተኛው ብልሽት በኋላ አባላቱ ተቆጡ። አንዱ «ነጋዴው አታሎናል፤ ሄደን ሱቁን እንዝጋበት» አለ። ሌላው «ከነጋዴ ጋር ተካስሶ ማን አሸነፈ? ማጉያውን ጥለን ጡሩንባችንን እንንፋ» አለ።

ዳኛው ግን «በመጀመሪያ የራሳችንን ቤት እንይ። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ሰው ፊት ቀርበን እናፍራለን» አሉ። ይህ መልካም ምክር ነው። ወደ ሻጭ ከመሄዳችን በፊት ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

በወረዳው ከተማ ባለው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የኤሌክትሪክ መምህር አለ። ወንድሙ የዕድሩ አባል ነው። መምህሩን ለመኑትና መጣ። ጸሐፊዋ ማጉያውን ልትሰጠው ስትል መምህሩ የተለጠፈውን ማኅተም አየ።

«ይህን እኔ አልከፍተውም። ማኅተሙ ከተቀደደ ነጋዴው ‹እናንተ ነካክታችሁ አበላሻችሁት› ይላል። እኔ ከውጭ ያለውን ልይላችሁ» አለ።

በመለኪያው የሶኬቱን ኃይል ቀንም ማታም ለካ። ደህና ነበር። ሽቦው የተላጠና የተነካካ መሆኑን ፈተሸ። ደህና ነበር። ሁለቱን ስፒከሮችም አንድ በአንድ ለካ። እነርሱም ደህና ነበሩ። ከዚያም ደብተሩን ጠይቆ አነበበ።

«ሦስት ስፒከር የቀጠላችሁ ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ ነው። ማጉያው ከአራት ኦም በታች አይችልም። በሌሎቹ ሦስት ቀናት ግን የቀጠላችሁት በልኩ ነው። ከውጭ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ በሽታው ከውስጥ ነው። ሠሪዎቹ የተቃጠለውን እየቀየሩ ይመልሱላችኋል እንጂ ለምን እንደሚቃጠል አላዩም። ቁስሉን ሳያጥቡ ጨርቁን እንደ መቀየር ነው» አላቸው።

የለካውንም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ፈረመላቸው።

5. «ያችን ገጽ ቅደጃት»

ማታ ዳኛው ጸሐፊዋን ለብቻዋ ጠሯት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያች የጥር 14 ገጽ ትጎዳናለች። ነጋዴው ካያት እርሷን ይዞ ሁሉንም በእኛ ላይ ያላክካል። ቅደጃት። ከእኔና ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም» አሏት።

ጸሐፊዋ ጥቂት ዝም አለች። ዳኛውን ታከብራቸዋለች። ዶሮአቸውን የሸጡት እናትም ትዝ አሏት። ገንዘቡ ቢቀር የሚጎዱት እንደ እርሳቸው ያሉት ናቸው።

«ጋሼ፣ እኔም አስቤበት ነበር» አለች። «ግን ገጹን ብቀደው ደብተሩ ደብተር አይሆንም። ነጋዴው በጥር ወር 900 ብር የተቀበለበትን ደረሰኝ ቀሪ ይዟል። ‹ያን ጊዜስ ምን ሆኖ ነበር?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? አንዱን ከዋሸሁ የቀረውንም ማን ያምነኛል? ደግሞስ ይህ ደብተር የእኔ አይደለም። የ120 ሰው ነው።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብዙ ዘመን ስዳኝ የኖርኩት በቃል ነው። በቃል ሲሆን ሰው የሚጎዳውን ይረሳል። እሺ፣ እንዳለ ይሁን» አሉ።

6. ደብዳቤው

ጸሐፊዋ ለነጋዴው ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት ቅጂ አደረገችው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ባለቤት

ጉዳዩ፦ በዋስትና የተሸጠልን ማጉያ እንዲለወጥልን ስለመጠየቅ

ዕድራችን ጥቅምት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደብርዎ አንድ ማጉያ በአንድ ዓመት ዋስትና ገዝቷል። ማጉያው በጥቅምት 17፣ በኅዳር 30፣ በጥር 14ና በየካቲት 20 ቀን ተበላሽቷል። ከእነዚህ ውስጥ በጥር 14 ቀን ሦስት ስፒከር የቀጠልን በመሆኑ ጥፋቱ የእኛ ነው። ለዚያ የከፈልነውን 900 ብር አንጠይቅም። በቀሩት ሦስት ቀናት ግን የተጠቀምነው በተጻፈው መመሪያ መሠረት ነው።

ስለዚህ፦
1ኛ. ማጉያው በሌላ ደህና ማጉያ እንዲለወጥልን፣
2ኛ. በኅዳር ወር በዋስትናው ጊዜ ያስከፈሉን 700 ብር እንዲመለስልን፣
እንጠይቃለን። መልስዎን በአሥር ቀን ውስጥ እንዲሰጡን በአክብሮት እናሳስባለን።

የደረሰኞቹ፣ የዋስትናው ወረቀትና የባለሙያው ምርመራ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር
የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ ፊርማ

አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ የሚጠይቁትን ነገር ለይተው ጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ የመልስ ቀን ወስነዋል። ሦስተኛ፣ የላኩት የወረቀቶቹን ቅጂ ነው። ዋናው በእጃቸው ነው። ዋና ወረቀት ከእጅ ከወጣ ማስረጃ ከእጅ ወጣ ማለት ነው።

7. በሱቁ ውስጥ

ማጉያውን በአህያ ጭነው፣ ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዘውለት ወደ ከተማ ወሰዱት። ነጋዴው ገና ሲያያቸው ፊቱን አጠቆረ።

«አባባ፣ አሁንም መጣችሁ? ገጠር መብራት ይዋዥቃል። በአህያ ስትጭኑትም ነግታችሁት ይሆናል። እኔ ምን ላድርግ? ያውላችሁ፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል» አለ።

በግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ የዋስትናውን ወረቀት አወጣች።

«ግድግዳው ላይ ያለው ለሁሉም የተጻፈ ነው። ይህ ግን እርስዎ ለእኛ የፈረሙት ነው» አለችው። ደብዳቤውንም ሰጠችው። «አንዱ ቅጂ የእርስዎ ነው። በሁለተኛው ላይ ‹ደርሶኛል› ብለው ይፈርሙልን።»

ነጋዴው ደብዳቤውን አነበበ። ጥር 14 ላይ ሲደርስ ጣቱን አስቀመጠበት።

«ይኸው! ራሳችሁ አምናችኋል። ሦስት ስፒከር ቀጥላችኋል።»

«አዎን፣ ቀጥለናል» አለች። «ያን ቀን ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ የከፈልነውን አንጠይቅም። የሚጎዳንን ካልደበቅን የቀረውን ለምን እንዋሻለን? ሌሎቹን ሦስት ቀናትም ያንብቡልን።»

ነጋዴው መልስ አጣ። ደብተሩን ተቀብሎ ከመጀመሪያው አነበበው። የመምህሩንም ወረቀት አየ። ከጓሮ ያለውን ሠራተኛውን ጠራና «በፊታቸው ክፈተው» አለው።

ሠራተኛው ማኅተሙን አንሥቶ ሳጥኑን ከፈተ። ትራንዚስተሩ እንደ ገና ተቃጥሏል። ሠራተኛው ግን በዚህ አላቆመም። የማቀዝቀዣውን ብረት ሲነካው ተንቀሳቀሰ። ትራንዚስተሩ የታሠረበት የብሎን ማሠሪያ ጥርሱ ተበልቶ ኖሮ ብሎኑ አይጠብቅም። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አይሄድም ነበር። አዲስ ክፍል በተገባ ቁጥር የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

«ይህ ከፋብሪካው ነው» አለ ሠራተኛው ቀስ ብሎ። «እኔም ባለፈው ማየት ነበረብኝ።»

ነጋዴው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሌላ ማጉያ አወረደ። ሁለቱን ስፒከሮች ቀጥለው ሁለት ሰዓት ያህል አሠሩት። ደህና ሆነ። አዲስ የዋስትና ወረቀት በዚያ ቀን ተጻፈ። 700 ብሩም ተመለሰ።

ሊሄዱ ሲነሡ ነጋዴው ለዳኛው «አባባ፣ ሁሉም ገዢ እንዲህ ጽፎ ቢመጣ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። አንዱ በስድብ ይመጣል፤ ሌላው በልቅሶ ይመጣል። የሆነውን ግን የሚነግረኝ የለም» አላቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሐፊዋ ሁሉንም ለአባላቱ በማጉያው አነበበችላቸው። 900 ብር በራሳቸው ጥፋት እንደ ቀረ ስታነብ አንዳንዶች አጉረመረሙ። ከኋላ የተቀመጡት ዶሮ የሸጡት እናት ግን «ተሰማኝ፤ ሁሉም ተሰማኝ» አሉ።

8. ሕጉ ምን ይላል?

የዕድሩ ጉዳይ በሱቁ ውስጥ አለቀ። እንዲህ ባያልቅስ ኖሮ? ሕጉን ማወቅ ይገባናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሚሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ መሆኑን ለገዢው የማረጋገጥ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በገዢውም ላይ ግዴታ አለ። ገዢ ዕቃውን ሲረከብ ቶሎ መመርመር አለበት። ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። እያወቀ የገዛውን፣ ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት ግን በኋላ ምክንያት ሊያደርገው አይችልም።

በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ወጣ። ሸማች ማለት ዕቃ ወይም አገልግሎት ለራሱ መጠቀሚያ የሚገዛ ሰው ነው። አዋጁ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል። ዋጋ ስለ ተከራከረ ወይም ዕቃውን አገላብጦ ስላየ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም። ነጋዴውም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት አለበት። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት፣ ገዢው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚህ የተሻለ ዋስትና በውል ከተሰጠው ደግሞ በዚያ ይጠቀማል።

እዚህ ላይ የዕድሩን ስሕተት ልብ እንበል። ማጉያው መጀመሪያ የተበላሸው በተገዛ በ11ኛው ቀን ነበር። እነርሱ ግን «እስከ ገበያ ቀን» ብለው ቆዩና በ18ኛው ቀን ወሰዱት። አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ያዳናቸው ጸሐፊዋ ያስጻፈችው የአንድ ዓመት ዋስትና ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲበላሽ የገበያ ቀን አይጠበቅም።

ሻጩ እምቢ ቢል በመጀመሪያ ሽማግሌ መላክ ይቻላል። ካልሆነ ወረቀቶቹን ይዞ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። ከዚያም ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ። በሁሉም ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማስረጃህ የት አለ?» የሚል ነው።

9. ማስታወስ የሚገባን

ሀ. ዕቃውን በሱቁ ውስጥ ሰክተን፣ ጥቂት ቆይተን እንሞክረው።
ለ. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳንይዝ ከሱቅ አንውጣ። ቀኑና የዕቃው ቁጥር መጻፉን እናንብብ።
ሐ. በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን አንብበን ወይም አስነብበን እንጠቀም።
መ. ማኅተም አንቅደድ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ አንሠር።
ሠ. ሲበላሽ በዚያው ቀን እንጻፍ፤ ሳንዘገይም ለሻጩ እናስታውቅ።
ረ. የሚጠቅመንን ብቻ ሳይሆን የሚጎዳንንም እንጻፍ። የሚታመን ደብተር ሁለቱንም የያዘ ነው።

የቃላት ፍቺ

ማጉያ፦ ትንሹን ድምፅ ትልቅ የሚያደርግ የኤሌክትሪክ ዕቃ።
ዋስትና፦ ዕቃው ቢበላሽ ሻጩ ኃላፊ እንደሚሆን የሚሰጠው ማረጋገጫ።
ጉድለት፦ ዕቃው እንደሚገባው እንዳይሠራ የሚያደርገው ጥፋት።
ቅጂ፦ የአንድ ጽሑፍ ሁለተኛ።
ማስረጃ፦ አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት፣ ምስክር ወይም ዕቃ።

ጥያቄዎች

1. ጸሐፊዋ ከሱቅ ከመውጣቷ በፊት ምን ጠየቀች? ባትጠይቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
2. ሁለት 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ስንት ኦም ይሆናሉ? ሦስተኛው ሲጨመር ማጉያው ለምን ጋለ?
3. መምህሩ ማጉያውን ለምን አልከፈተውም?
4. ዳኛው ገጹ እንዲቀደድ የፈለጉት ለምን ነበር? አንተ ወይም አንቺ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በቡድን ተወያዩበት።
5. በቤታችሁ ያለ አንድ የተገዛ ዕቃ አስቡ። የተገዛበትን ቀን፣ ዋጋውንና እስከ ዛሬ የደረሰበትን ብልሽት በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።